የሳምንታዊ ትንታኔያችሁ አንባቢ በአንዴ ግማሽ ሲሆን ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ "አዲስ አበባ ባለ አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ የምርምር ክፍሉን የማስተባብረው እኔ ነኝ። በየሰኞው የገበያ ትንታኔ ለባንኮች፣ ለኢንሹራንሶች፣ ለአስመጪዎችና ውጭ ላሉ ጥቂት ፈንዶች በኢሜይል እንልካለን። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የሚከፍተው ሰው በግማሽ ወረደ። ሊንክ የሚነካውም ቀንሷል። አለቃዬ 'ጽሑፋችሁ ሰልችቷል፣ አሳጥሩት፣ ቪዲዮ ጨምሩበት' ይላል። ከየት ልጀምር?"

እህቴ፣ ቪዲዮውን ለጊዜው ተይው። ጽሑፉንም አትንኪው።

ጽሑፍ ሲሰለች ቀስ እያለ ነው የሚሰለቸው። መጀመሪያ መልስ የሚጽፍልሽ ሰው ይጠፋል። ከዚያ "ይሄን ዳታ በኤክሴል ላኪልኝ" የሚልሽ ይቀራል። ከዚያ ከፍቶ ወዲያው የሚዘጋው ይበዛል፣ በመጨረሻ መክፈቱንም ይተወዋል። ይሄ ሁሉ ወራት ይፈጃል። የባንክ ትሬዠሪ (የገንዘብ አስተዳደር) ኃላፊዎችና አስመጪዎች ተሰብስበው "ከዚህ ሰኞ ጀምሮ አናነብም" ብለው አይማማሉም። በሦስት ሳምንት ግማሽ ከወረደ የሆነ ነገር ተሰብሯል ወይም ተቀይሯል ማለት ነው፦ ወይ ቆጣሪው፣ ወይ ኢሜይሉ የሚሄድበት መንገድ፣ ወይ ጥቂት ትልልቅ አንባቢዎች፣ ወይ ወቅቱ። የጽሑፉ ጥራት መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው። አለቆች ግን ሁሌም ከሱ ይጀምራሉ፣ እሱን ለማዘዝ ቴክኒክ ማወቅ አያስፈልግማ።

ከቆጣሪው እንጀምር። ኦፕን ሬት የሚባለው ነገር ሰው ማንበቡን አይቆጥርም። ኢሜይሉ ውስጥ የማትታይ አንዲት ጥቃቅን ምስል አለች። ተቀባዩ ሲከፍት ያቺ ምስል ከሰርቨር ትጠራለች፣ ያኔ "ተከፈተ" ተብሎ ይመዘገባል። ቢሮ ውስጥ አውትሉክ የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ምስል ይታገድበታል፣ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር አንብቦት እንኳ አልተቆጠረም። በተቃራኒው አፕል እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ በሜይል መተግበሪያው ምስሎችን ቀድሞ ራሱ ይጠራል፤ ሰውየው ሳያየው "ከፈተ" ይባላል። ቁጥሩ ዱሮም በአንድ በኩል ያጎድላል፣ በሌላ በኩል ያጋንናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ የምትልኩበት መሣሪያ አቆጣጠሩን ቀይሯል? ብዙዎቹ የአፕልን የውሸት መክፈት ከሪፖርቱ የሚያወጣ ማስተካከያ አላቸው። አንድ ሰው እሱን ነክቶት ከሆነ፣ ወይም ኩባንያው ራሱ አሻሽሎት ከሆነ፣ አንድም አንባቢ ሳይሄድ ቁጥሩ ይወርዳል።

ክሊኩም ያው ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ኢሜይል ሲገባ ቫይረስ እንዳይኖርበት ሊንኮቹን በሙሉ ቀድሞ የሚከፍት የደህንነት ሲስተም አላቸው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኢሜይሉ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ሊንክ ይነካል፣ "ከዝርዝሩ አስወጡኝ" የሚለው ሳይቀር። እንግዲህ አንድ ትልቅ ባንክ አይቲው ሲስተሙን ቢቀይር ወይም የእናንተ መሣሪያ እነዚህን የማሽን ክሊኮች ማጣራት ቢጀምር፣ ምርጥ ደንበኛ ብለሽ የያዝሽው ሰው በአንድ ሌሊት ዜሮ ይሆናል። ሰውየው ግን ዱሮም አንብቦ አያውቅም ይሆናል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፣ ብዙ ቤት ያለ ነው።

አሁን ደግሞ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ላይ በተለይ የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት የበለጠ ኢሜይል ሲመጣ ታችኛውን ክፍል ይቆርጠውና "ሙሉውን ለማየት እዚህ ይጫኑ" የሚል ሊንክ ያስቀምጣል። ያቺ ቆጣሪ ምስል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀመጠው ከታች ነው። ከተቆረጠች አትጠራም፣ ካልተጠራች አንባቢው አልተቆጠረም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተሩ አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። በቅርቡ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ማውጣት ጀምራችሁ ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉን ከዎርድ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ከጀርባው የማይታይ የዎርድ ኮተት አብሮ እየገባ ከሆነ፣ ገደቡን ሳታውቁት አልፋችሁታል። ማረጋገጡ ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ኢሜይሎች ጂሜይል ላይ ክፈቺና እስከ ታች ውረጂ። የተቆረጠው ከየትኛው ሳምንት እንደሚጀምር እዩ። ቁጥሩ ከወረደበት ሳምንት ጋር ከገጠመ ሥራሽ እዚያው አለቀ፤ ኢሜይሉ ላይ ማጠቃለያውን ብቻ አስቀርታችሁ ሙሉውን በሊንክ ስጡ።

ቆጣሪው ደህና ነው እንበል። ቀጥሎ ኢሜይሉ በእርግጥ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። "ዴሊቨርድ" የሚለው ቃል አያታልልሽ፤ የተቀባዩ ሰርቨር ተቀበለው ማለት ነው እንጂ ኢንቦክስ ገባ ማለት አይደለም። ስፓም ውስጥ የወደቀም "ዴሊቨርድ" ነው። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ላኪዎች ላይ ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል፣ የአውትሉክና የሆትሜይል አድራሻዎች ላይ ማይክሮሶፍትም በግንቦት 2025 ተከትሏል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉ የማንነት ማረጋገጫዎች አሉ። ካልተስተካከሉ ኢሜይሉ ወይ ስፓም ይገባል ወይ ጭራሽ ይመለሳል። የኛ አገር ነጋዴ ደግሞ ብዙው አሁንም በግል ጂሜይሉና በያሁው ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ይሄ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ለራስሽ የላክሽውን ትንታኔ ጂሜይል ላይ ክፈቺ፣ ሦስቷን ነጥብ ተጭነሽ "ሾው ኦሪጅናል" የሚለውን ምረጪ። ሦስቱም ፊት ለፊት "ፓስ" ማለት አለባቸው። አንዱ እንኳ "ፌይል" ካለ ወደ አይቲ ሂጂና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ዶሜይናችን (ከ@ በኋላ ያለው አድራሻችን) ላይ ምን ነካችሁ? "ምንም አልነካንም" ይሉሻል። አትመኚ፣ ደግመሽ በዝርዝር ጠይቂ። ዌብሳይቱ ሆስቲንግ ቀይሯል? የሰው ኃይል ክፍሉ አዲስ የኢሜይል አገልግሎት ጀምሯል? ኤስፒኤፍ የሚባለው መዝገብ፣ ማለትም በስማችሁ ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸው አገልግሎቶች ዝርዝር፣ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ (የኢንተርኔት አድራሻ መዝገብን መጠየቅ) አይፈቅድም፤ ሌላ ክፍል ለራሱ ጉዳይ አንድ አገልግሎት ሲጨምርበት አስራ አንደኛው ይሆንና የናንተም ይወድቃል። የሊንክ መቁጠሪያው የራሱ ንዑስ ዶሜይን ካለው ደግሞ የደህንነት ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነ እዩ። በነጻ የሚወጡት ሰርተፊኬቶች በብዛት የሚያገለግሉት 90 ቀን ነው፣ ራሱ የማይታደስ ከሆነ ሊንኩን የነካ ደንበኛ ሁሉ "ይህ ገጽ አደገኛ ነው" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ያያል። የፋይናንስ ሰው ያንን አይቶ ሁለተኛ አይነካሽም።

አንድ ነገር ደግሞ አታድርጊ። ቁጥር ሲወርድ ብዙ ሰው የሚያደርገው "ላልከፈቱት ሰዎች ደግመን እንላክ" ነው። ጂሜይል ላኪዎች የስፓም አቤቱታቸው ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈልጋል። ዝርዝርሽ ውስጥ 400 ሰው ካለና ሁለቱ ተናደው "ስፓም" የሚለውን ቢጫኑ 0.5 በመቶ ደረስሽ። ያልከፈተ መስሎሽ ደግመሽ የምትልኪለት ሰው ደግሞ ከላይ እንዳልኩሽ ምስል ታግዶበት ያነበበ ሰው ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ሥራ። ከሌላው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የማድረግ ጊዜ ካለሽ ይሄን አድርጊ። ከመውረዱ በፊት የነበሩትን ስምንት ሳምንታትና ከወረደ በኋላ ያሉትን ሦስቱን ኤክሴል ላይ አውጪ። ከ@ በኋላ ያለውን ለብቻው ዓምድ አድርጊው፣ ማለትም እያንዳንዱ ባንክ፣ እያንዳንዱ ድርጅት፣ ጂሜይል፣ ያሁ። ከዚያ በፊትና በኋላውን በፒቮት ቴብል (ኤክሴል ራሱ በየቡድኑ በሚደምረው ሠንጠረዥ) ጎን ለጎን አስቀምጪ። ጠቅላላው አማካይ ምንም አይነግርሽም፣ ይሄ ሠንጠረዥ ግን ይናገራል። ጂሜይል ብቻ ከወረደ ስፓም ወይም መቆረጥ ነው። አንድ ሁለት ድርጅት ሙሉ በሙሉ ዜሮ ከሆነ ፋየርዎል (የድርጅቱ የኔትወርክ መከላከያ) ወይም የዶሜይን ለውጥ ነው፣ ወይ እዚያ ያለ ሰው ተናዶብሻል። መክፈቱ እንዳለ ሆኖ ክሊኩ ብቻ ከወደቀ ሊንኩ ተበላሽቷል፣ ወይም ደግሞ የኢሜይሉ ማጠቃለያ በጣም ጥሩ ሆኖ ወደ ሙሉው መሄድ አላስፈለጋቸውም! ይሄኛው ችግር አይደለም፣ ለአለቃሽ ማስረዳቱ ግን ይከብዳል። ሁሉም ዶሜይን ላይ እኩል ከወረደ ቆጣሪው ወይም ወቅቱ ነው፤ እነሱም ካልሆኑ ነው ስለ ይዘት ማሰብ የሚጀመረው።

የኛ ገበያ ትንሽ መሆኑንም አትርሺ። ባንኮቹ ሠላሳ ገደማ ናቸው። በየባንኩ የምር የሚያነብሽ ሁለት ሦስት ሰው ቢሆን ነው፣ ከነሱም አንዱ ነው ለሌሎቹ የሚያስተላልፈው። ያ ሰው ሥራ ቢቀይር ወይም ወደ ቅርንጫፍ ቢዛወር፣ ጠቅላላ ቁጥርሽ ላይ ጉድጓድ ይታያል። ሊንክድኢን ላይ ስማቸውን ፈልጊ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ ቴሌግራም አለ። እዚህ አገር ፒዲኤፍ ኢሜይል ውስጥ አይቆይም። አንዱ ያወርደዋል፣ የባንከሮች ግሩፕ ላይ ይጥለዋል፣ የቀረው ሰው ስልኩ ላይ ያነበዋል። እናንተም የራሳችሁን ቻናል በቅርቡ ከፍታችሁ ከሆነ አንባቢው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የቻናሉ የእይታ ቁጥር ፎርዋርድ የተደረገውንም ስለሚጨምር ከኢሜይሉ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። በነገራችን ላይ ቻናል ላይ ብቻ መተማመንም ጣጣ አለው። በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያው ለወራት ተገድቦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያኔ በቪፒኤን የማይገባ ደንበኛ የነበረው ሁሉ እይታው ወርዷል፣ ከጽሑፍ ጥራት ጋር ምንም አልተገናኘም።

ከሰው ጋር የተያያዙ ሌሎች ድንገተኛ ምክንያቶችም አሉ። የሚጽፈው አናሊስት ለቋል? ደንበኛ የሚከተለው ሰውየውን ነው፣ የድርጅቱን ማኅተም አይደለም። የውጭ ምንዛሬውን የሚጽፈው ልጅ ከሄደ እሱን ለማንበብ ይከፍቱ የነበሩት አብረው ይሄዳሉ፣ ይሄ በእውነት የይዘት ጉዳይ ነው፣ ግን ቪዲዮ አይፈታውም። ወይስ ደንበኛችሁ በሆነ ባንክ የሂሳብ መግለጫ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ጻፋችሁ? አንድ ኃላፊ "እነዚህን ሰዎች አታንብቡ" ቢል የሠላሳ ሰው ቁጥር በአንድ ቀን ይጠፋል። ያ ከሆነ በበኩሌ ጽሑፉን አለሳልሱ አልልሽም። ትክክል ከነበረ ይቆይ፣ ግን ሄዳችሁ ፊት ለፊት አነጋግሯቸው። ሦስተኛው ትንሽ ያስቃል፦ የሕግ ክፍሉ የኃላፊነት ማስተባበያውን ከታች ወደ ላይ አምጥቶት ይሆናል። ያኔ ስልክ ላይ ከርእሱ ሥር የምትታየው መስመር በየሳምንቱ "ይህ ሰነድ የኢንቨስትመንት ምክር አይደለም..." ትሆናለች። ደንበኛው ሁሌም ያው ኢሜይል የመጣ ይመስለዋል።

ውጭ ያሉት ፈንዶች ለብቻቸው ይታዩ። የአውሮፓ ፈንድ ሚፊድ ሁለት የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ለምርምር የሚከፍለውን ከሌላው ኮሚሽን ለይቶ ማየት ግድ ሆኖበት ነበር። እንግሊዝ በነሐሴ 2024 አላልታዋለች። ልማዱ ግን አልጠፋም፦ ማን ምን እንዳነበበ ይመዘግባሉ፣ ያልተዋዋሉትን ምርምር ኮምፕላያንሳቸው (ደንብ መከበሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ይዘጋባቸዋል። ከዚያ በኩል ያለው በአንዴ ከጠፋ፣ በተለይ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ ፖርትፎሊዮ ማናጀሩን (የፈንዱን ገንዘብ የሚያስተዳድረውን) ሳይሆን ምርምር የሚገዛላቸውን ክፍል ጠይቂ።

ወቅት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ባንክ ውስጥ ያለ ሰው ሰኔ 30ን ሊዘጋ ነው የሚሯሯጠው፤ ሐምሌም እስኪጋመስ የኦዲት ወረቀት ውስጥ ነው። ገናና ጥምቀት፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ፋሲካና ረመዳን ደግሞ ቀናቸው ስለሚንቀሳቀስ ካምና ከዘንድሮ ያንኑ ሳምንት ስታወዳድሪ ይሳሳታል፤ በዓሉን ከበዓሉ ጋር አወዳድሪ። የመላኪያ ሰዓቱንም እዪ። መሣሪያው በኒውዮርክ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ እነሱ በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርስ የነበረው 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ይሄ ብቻውን ግማሽ አያወርድም። አዲስ ሰው መጥቶ የኛን "2 ሰዓት ጠዋት" መሣሪያው ላይ 2 ብሎ ሞልቶት ከሆነ ግን ኢሜይላችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ነው የሚደርሰው፣ ጠዋት በሚገባው ሁሉ ሥር ይቀበራል።

ከወቅቱ ጋር የምታወዳድሪው ነገር ራሱ ትክክል ነው ወይ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ማን ያላነበበ አለ? ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አስመጪው ሌሊት ተነስቶ ነበር የሚያነበው። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆንም እንዲሁ ነው፣ ሰው ሁሉ አክሲዮን አክሲዮን አለ። እንዲህ ያለ ሰሞን ያመጣው አንባቢ ሲረጋጋ ይሄዳል። የወረደው ከዱሮው በታች ነው ወይስ ወደ ዱሮው ተመለሰ? ግራፉን ወደ ሁለት ዓመት ዘርጊው፣ ያኔ ታዪዋለሽ። አለቃሽ የሚያወዳድረው ከጫፉ ጋር ከሆነ ሁሌም ወርዷል።

እና ደውይ። ከሁሉም በላይ ስልክ ይሠራል። ግን አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቂ። "ትንታኔያችን እንዴት ነው?" ብለሽ ከጠየቅሽ ይሉኝታ አለ፣ "በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ" ብለው ይዘጉልሻል። እንዲህ በያቸው፦ "ጋሼ፣ የሰኞው ኢሜይል ደርሶዎታል? አሁን ከፍተው ቢያዩልኝ?" ስልኩ ላይ እያሉ ይፈልጉት። ስፓም ውስጥ ካገኙት ወዲያው ታውቂያለሽ። ኢንቦክስ ውስጥ ካገኙት ደግሞ "ባለፈው ጊዜ ከኛ ያነበቡት ለምን ጠቀመዎት?" በይና ዝም በይ። ለትሬዠሪ ቢል (የመንግሥት የአጭር ጊዜ ብድር ሰነድ) ጨረታ ዋጋ ለማስገባት ነው ካሉሽ፣ ወይም ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ጊዜ ለመምረጥ ነው ካሉሽ፣ አንባቢ አለሽ። "እከታተላለሁ" ብቻ ካሉ የለሽም። ሙሉ ለሙሉ ከጠፉት ስምንት አስር ሰው ይበቃል፤ አሁንም እያነበቡ ካሉት ደግሞ ሦስት አራቱን ጨምሪ፣ ልዩነቱ የሚታየው ከነሱ ጋር ነው።

ይሄ ሁሉ ንጹህ ሆኖ ከወጣ፣ ያኔ ስለ ይዘት እናውራ። ደንበኛው ዱሮ ይጠይቅ የነበረው "ዶላር ስንት ይገባል?" ነበር። አሁን ብሔራዊ ባንክ ራሱ ጨረታ እያወጣ ውጤቱን ይናገራል፣ ተመኑ በየባንኩ ገጽ ላይ አለ። ያንን በሰኞ ጠዋት መድገም ዋጋ የለውም። "የኔ ብድር ወለድ ወዴት ይሄዳል? ቦንድ ልያዝ ወይስ አክሲዮን?" የሚለው ነው አሁን ያለው ጥያቄ። ማሳጠር ብቻ አይረዳም። ማንም ያልጠየቀውን ነገር ግማሽ ገጽ ላይ ብትጽፊው ግማሽ ገጽ ሙሉ ያልተጠየቀ ነገር ነው።

ለአለቃሽ እስከዚያው ግማሽ ገጽ ጻፊለት። የዶሜይኑን ሠንጠረዥ ከላይ አስቀምጪ፣ ከሥሩ ምን እንዳረጋገጥሽና ምን እንደቀረ። ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር እንዳይቀየር አሳምኚው፤ ርእስ፣ ዲዛይንና ሰዓት በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ ቁጥሩ ቢነሳም በየትኛው እንደተነሳ አይታወቅም። አንድ ሙከራ ብቻ አድርጊ፦ በሚቀጥለው ሰኞ ለዝርዝሩ ግማሽ ያለውን ዲዛይን፣ ለሌላው ግማሽ ያለ ምስልና ያለ ጌጥ፣ አንቺ በስምሽ የጻፍሽው የሚመስል ተራ ጽሑፍ ላኪ፣ መጨረሻው ላይ "ከደረሰዎት አንድ ቃል ይመልሱልኝ" ብለሽ። መክፈቱን ተይውና የመለሰውን ቁጠሪ። ውጤቱና የዶሜይኑ ሠንጠረዥ ሲደርስሽ የደንበኞቹን ስም አጥፍተሽ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።